«ፎሬቨር» ወይስ «ጃዝ ኢን ዘ ጋርደን»? ደጋግሜ ከስሬ የደረስኩበት

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዱ በስልክ፣ አንዷ የቢሮአችን ሊፍት ውስጥ፣ ሦስተኛው ፒያሳ ቶሞካ ቆመን ማኪያቶ ስንጠጣ። «ስታንሊ ክላርክና ሌኒ ኋይት የሚባሉት የጃዝ ተጫዋቾች ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ በሦስት ሰው ብቻ የሠሩት አልበም አለ አሉ። ሁለት ነው አሉ። የቱን ላስመጣ?»

ጃዝ ያውቃል ብለው ነው የሚጠይቁኝ። የማውቀው ሂሳብ ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ግን በእነዚህ ሁለት አልበሞች የኔን ያህል የከሰረ ሰው ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ያለ አይመስለኝም። ኮፒ ገዝቻለሁ። ፍላሽ አስጭኛለሁ። ማጫወቻ አስጠግኛለሁ። መጨረሻ ላይ ኦሪጅናሎቹን አስመጥቻለሁ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው።

መልሱን አላቆያችሁም። «ጃዝ ኢን ዘ ጋርደን»ን ግዙ። «ፎሬቨር» ጥሩ ነው፣ ግራሚም አለው፣ ግን ሁለተኛ ይሁን። የሚቸኩል ሰው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል።

ስለ ሰዎቹ ትንሽ ልበል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ። ቺክ ኮሪያ ፒያኖ፣ ስታንሊ ክላርክ ቤዝ፣ ሌኒ ኋይት ድራም። ሦስቱም «ሪተርን ቱ ፎሬቨር» የሚባለው ባንድ ልጆች ናቸው። ባንዱ በ1972 ተመሠረተ። ኋይት በ1973 ገባ። ከዚያ ወዲያ ጊታሩ ጮኸ፣ ኪቦርዱ በዛ፣ ነገሩ ግማሽ ጃዝ ግማሽ ሮክ ሆነ። ፊውዥን የሚሉት ይሄንን ነው። ኮሪያና ኋይት ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1969፣ ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ «ቢችስ ብሩ» የሚባለውን አልበም ሲቀዳ ስቱዲዮው ውስጥ ነበሩ። የክላርክን «ስኩል ዴይስ» የሚባል ዜማ ያልሞከረ የኤሌክትሪክ ቤዝ ተጫዋች ያለ አይመስለኝም።

ለኛ ሰው ይሄ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ሲያጋባ የከረመው በዚያው ዘመን ነው። ማጋባት ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ባንዱ በ2008 ተሰባስቦ ዓለምን ዞረ። በቀጣዩ ዓመት ሦስቱ ብቻቸውን፣ ሽቦውን ሁሉ ነቅለው፣ በፒያኖ፣ በትልቁ የእንጨት ቤዝና በድራም ወጡ። «ፎሬቨር» ከዚያ ጉዞ የተለቀመ የመድረክ ቅጂ ነው። የወጣው በ2011 ነው። «ጃዝ ኢን ዘ ጋርደን» ደግሞ በ2009 ወጣ። ክላርክና ኋይት እዚያም አሉ። ፒያኖው ላይ ግን ሂሮሚ ኡሄሃራ የምትባል ጃፓናዊት ተቀምጣለች። እሷም ከኮሪያ ቤት የራቀች አይደለችም፤ ገና በ17 ዓመቷ አብራው መድረክ ወጥታለች፣ በ2008ም ሁለቱ ብቻ ያለባቸው አልበም አላቸው።

ከሦስት ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ ምን ያለያያቸዋል? የኔ መልስ የሚጀምረው ከኪሴ ነው።

የመጀመሪያው ኪሳራዬ «ፎሬቨር» ነበር። በኛ 2005 ዓ.ም. ገደማ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሲዲ ቤት። ቤቱ ዛሬ የለም፤ አካባቢው ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ኮፒ ሲዲ 20 ብር በሚሸጥበት ጊዜ ልጁ 50 ብር ጠራብኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሁለት ሲዲ ነው። እኔ አንድ ላይ አድርጌ ነው የሠራሁልህ» አለኝ። ደስ አለኝ። ሁለት በአንድ! 45 አስቀንሼ ወሰድኩ። በቀነስኳት 5 ብር ስኩራራ እስከ ቤቴ ደረስኩ።

ሂሳብ ሠራተኛ መሆኔ ያልጠቀመኝ እዚህ ጋ ነው። ተራ የሙዚቃ ሲዲ የሚይዘው 80 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለት ሙሉ ዲስክ እዚያ ላይ አይገባም። እንዲገባ ወይ መጭመቅ ነው ወይ መቁረጥ። ልጁ ሁለቱንም አድርጎታል። የተጨመቀ ኤምፒ3 አውርዶ መልሶ ወደ ሲዲ ቀይሮታል። ያልገባውን ደግሞ በዝምታ ትቶታል።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። የመድረክ ቅጂ ነውና ሰው ያጨበጭባል። ጭብጨባው መሃል ላይ ቁርጥ አለ። ጸጥታ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ከዚያው ከመሃሉ ቀጠለ። መብራት ሄዶ የመጣ መስሎኝ አምፖሉን አየሁት። ሁለተኛው ዘፈን ላይም እንዲሁ። ሦስተኛውም ላይ። ለካ ሲዲ ሲጻፍ በየዘፈኑ መሃል ሁለት ሰከንድ ክፍተት የሚያስገባ ምርጫ አለ፤ እሱን ሳያጠፉ ነው የሚጽፉት። የስቱዲዮ አልበም ላይ ማንም አያስተውለውም። የመድረክ ቅጂን ግን ይገድለዋል። «ፎሬቨር»ን በኮፒ አትግዙ የምልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ኮፒ ሲሆን ከ«ጋርደን» ይልቅ የሚበላሸው እሱ ነው።

ድምፁስ? ሲምባሉ፣ የድራሙ የናስ ሳህን፣ ውሃ ውስጥ የተመታ ይመስል ነበር። ሙዚቃ ሲጨመቅ በመጀመሪያ የሚሠዋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ላይ ሲደርስ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ይቆረጣል። የሲዲው 1,411 ኪሎቢት ነው። አስቡት፣ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ነው የደረሰኝ። ጊታር የሚጮህበት ፊውዥን ቢሆን ጩኸቱ ይሸፍነው ነበር። እዚህ ግን ያለው ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ከዚያ ዝምታ ነው። መደበቂያ የለም። ኋይት በብራሽ ከበሮውን ሲያሻሽ ኮፒዬ ላይ የሚሰማው ሽሮ ሲንተከተክ ነው።

ሽፋኑ ሌላ ጉድ ነበር። በካለር ኮፒ የታተመ ነው፤ ላዩ ላይ «ሪተርን ቱ ፎሬቨር» ይላል። ይሄ የባንዱ ስም ነው። ኮሪያ በ1972 ያወጣው የሌላ አልበም ስምም ነው። አሁን የምናወራው ግን «ፎሬቨር» ብቻ ተብሎ የ«ኮሪያ፣ ክላርክ እና ኋይት» ስም ያለበት ነው። ሰው ስትልኩ ይህንን አጥብቃችሁ ንገሩ። አንድ ጓደኛዬ ዘመዱን «ፎሬቨር» ብሎ በስልክ አዞ የ1972ቱ መጣለት። ጥሩ አልበም ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው። በ«ጋርደን» በኩልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ክላርክ በ2010 «ዘ ስታንሊ ክላርክ ባንድ» የሚል አልበም አውጥቷል። ሂሮሚ እዚያም አለች፣ ግራሚም አግኝቷል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የገባበት ነው። ሻጭ «ያው ነው፣ ሂሮሚ አለችበት» ካላችሁ ያው አይደለም።

ወደ ኪሳራዬ ልመለስ። ሁለተኛው ማጫወቻዬ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ያንን ኮፒ ለዓመታት ሳጫውት ኖርኩ። ኮፒ ዲስክ ከፋብሪካው ያነሰ ብርሃን ነው የሚመልሰው፤ ያረጀ ሌንስ ደግሞ እሱን ለማንበብ ይቸገራል። አንድ ቀን የኔው መዝለል ጀመረ። በኋላ ጭራሽ «ዲስክ የለም» አለኝ። ዲስኩ እዚያው ሆዱ ውስጥ እየተሽከረከረ!

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከፍቶ ሌንሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቪስ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ትንሽ ዞር አደረጋት። ወዲያው አነበበ። 300 ብር። እንደ ተአምር አየሁት። ያቺ ቪስ የሌዘሩን ኃይል የምትጨምር ናት። የደከመን በግ በአለንጋ እንደ መንዳት ነው፤ ይሄዳል፣ ግን እስከ ገደሉ ድረስ ነው። ሁለት ወር አገልግሎኝ ሞተ።

ተመልሼ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሌንሱ መቀየር አለበት» አለኝ። ሌንሱ ኬኤስኤስ-213 የሚሉት ነው፤ የሶኒ ሥራ ነው፣ ብዙ ማጫወቻ ላይ የሚገባው እሱ ነው። ስለዚህም ተመሳስሎ የሚሠራው በሽ ነው። 600 ብር። ተገጠመ። አያነብም። «ጋሼ፣ ይሄኛው ሞቶ ነው የመጣው።» ሌላ 600 ብር። እሱም አያነብም። «ጋሼ፣ ችግሩ ከቦርዱ ነው።» አሁን ገባኝ፤ ልጁ ጋሼ ባለኝ ቁጥር ከኪሴ የሆነ ነገር ይወጣል።

ማጫወቻውን ታቅፌ ወጣሁ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሸምገል ያሉ ባለሙያ ጋ ደረስኩ። አዩት። ሳቁ። አዲስ ሌንስ ሲመጣ በጉዞ ላይ እንዳይቃጠል ፋብሪካው ሁለት ነጥቦችን በብየዳ ጠብታ አገናኝቶ ይልከዋል። ከተገጠመ በኋላ ያቺን ጠብታ በካውያ ማንሳት ያስፈልጋል። ማንም አላነሳትም። እሳቸው ካውያቸውን አስነኩት፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ጮኸ። «ልጄ፣ ያኛውንም ሌንስ ጥለኸው ከሆነ ደህና ሌንስ ነው የጣልከው» አሉኝ። አልጣልኩትም ነበር። 200 ብር ተቀበሉኝ።

ደምሩት። 300፣ 600፣ 600፣ 200። 1,700 ብር። ታክሲውን አልቆጠርኩም። ይህን ቁጥር ያዙት፣ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ኪሳራ በ«ጋርደን» ነው፤ አድሏዊ እንዳልባል ልናገር። ማጫወቻው እስኪጠገን በፍላሽ ልስማው አልኩ። አንድ ልጅ «ፍላክ ነው፣ ከሲዲው እኩል ነው» ብሎ 350 ብር አስከፍሎ ጫነልኝ። ፍላክ ድምፁን ሳይቆርጥ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው። ፋይሎቹን አየኋቸው፤ ትላልቅ ናቸው። ኤምፒ3 በ128 በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። እነዚህ ብዙ እጥፍ ነበሩ። ስለዚህ አመንኩ።

አትመኑ። የተጨመቀውን ኤምፒ3 መልሶ ወደ ፍላክ መቀየር ይቻላል። ፋይሉ ይወፍራል፣ የጠፋው ድምፅ ግን አይመለስም። የፈሰሰ ወተት ጆንያ ውስጥ እንደ መሰብሰብ ነው። የሚያጋልጠው ነገር አንድ ነው፦ «ስፔክ» የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ስትጥሉበት የድምፁን ሥዕል ያወጣል። እውነተኛ ከሆነ ቀለሙ እየሳሳ ወደ ላይ፣ ወደ 20 ኪሎኸርዝ ግድም ይወጣል። ከ128 የተቀየረ የውሸት ከሆነ 16 ላይ በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያልቃል። የኔው በምላጭ የተቆረጠ ነበር። አሥራ ሁለቱም። ልጁን ላፕቶፕ ይዤ ሄጄ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ጆሮ እኮ ይሄን አይሰማም» አለኝ። 350 ብሬ ግን ሰምታዋለች።

«ዩቲዩብ ላይ አይደለም እንዴ?» የሚለኝ አለ። አለ። ፓኬጅ የማያሳስበው ይስማ። እኔ የምጽፈው ሊገዛ ለቆረጠ ሰው ነው።

አሁን ወደ ኦሪጅናሎቹ። አዲስ አበባ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አታገኟቸውም። ሰው ነው የሚያመጣቸው። የኔዎቹን የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን አመጣችልኝ። «ፎሬቨር» ባለ ሁለት ዲስኩ 18 ዶላር፣ «ጋርደን» 12 ዶላር ወጣባት። እናንተ ስትጠይቁ ዋጋው ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ባለ ሁለቱ ግን ከባለ አንዱ መብለጡ አይቀርም።

ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይሄ 1,026 እና 684 ብር ነበር። በኛ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያ ሂሳብ ተረት ሆኗል። ለስሌት እንዲመች በ150 ብር ልምታው። «ፎሬቨር» 2,700። «ጋርደን» 1,800። ማኪያቶ 60 ብር ብንል አንዱ 45 ማኪያቶ ነው፣ አንዱ 30።

የማጫወቻ ጥገናዬን አስታወሳችሁት? 1,700። አንድ ኦሪጅናል «ጋርደን» ለመግዛት 100 ብር ነው የጎደለው። ኮፒ የገዛሁት ብር ላተርፍ ነበር።

አሁን በዘፈን እንካፈለው። «ጋርደን» 12 ዘፈን ነው። 1,800 ለ12፣ አንዱ 150 ብር። «ፎሬቨር» በመጀመሪያው ዲስክ 8፣ በሁለተኛው 10 አለው። 2,700 ለ18። እሱም አንዱ 150 ብር! ቶሞካ የጠየቀኝ ጓደኛዬ ይህን ወረቀት ላይ ሲያይ እንዴት እንደ ፈነደቀ ብታዩት። «አየህ፣ እኩል ነው! ስለዚህ ብዙ ያለውን ነው የምገዛው።»

ቆይ። የጠየቅከኝ ምንድን ነው? ያለ ኤሌክትሪክ፣ በሦስት ሰው። «ፎሬቨር» ውስጥ ያ ከሞላ ጎደል የመጀመሪያው ዲስክ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሌላ ድግስ ነው። ቫዮሊኒስቱ ዣን ሉክ ፖንቲ አለ፣ የጥንቱ ጊታሪስት ቢል ኮነርስ አለ፣ ቻካ ካን ሳትቀር መጥታ ትዘፍናለች። አብዛኛው ለኮንሰርት ሲዘጋጁ ልምምድ ላይ የተቀዳ ነው። ለአድናቂ ማር ነው። ሦስት ሰው በጸጥታ ሲነጋገር ልስማ ብሎ ለመጣ ሰው ግን ሠርግ ቤት እንደ መግባት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስሌት 2,700 ለ8 ነው። አንዱ 337 ብር ከ50 ሳንቲም። «ሲኞር ማውስ» የሚባለው ዜማ ደግሞ በሁለቱም ዲስክ ላይ አለ። ለአንድ ዜማ ሁለቴ መክፈል እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቅበት ማለት ነው።

ስለ ሙዚቃው ሳልል እንዳልቀር።

«ጋርደን»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሪጅናሉ የሰማሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡና እየተፈላ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን «ሳኩራ ሳኩራ» ነው፤ ጃፓኖች ልጅ ሆነው የሚማሩት የሕዝብ ዜማ። ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች ብቅ አለች። «ይሄ ማነው ደግሞ፣ ትዝታን በፒያኖ የሚጫወተው?» አለችኝ። የጃፓን ነው ስላት አላመነችም።

እውነቷን ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ወዳጄ በፒያኖ አሳየኝ። የ«ሳኩራ» ድምፆች አምስት ናቸው። ከላ ብትጀምሩ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። የትዝታ ማይነር አምስት ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። አካሄዱ ይለያል፣ ጌጡ ይለያል፣ አጥንቱ ግን አንድ ነው። ጃዝ አይገባኝም የምትል እናት፣ ፊውዥን ጩኸት ነው የሚል አባት ቤት ካላችሁ፣ በዚህ ዘፈን ጀምሩላቸው። «ፎሬቨር» ይሄን ሊያደርግላችሁ አይችልም።

«ቴክ ዘ ኮልትሬን»ም አለ፤ የአሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ የዱክ ኤሊንግተን ሥራ ነው። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል። ሙላቱን አግኝቷል፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀብሏል። ንጉሡ ከመውረዳቸው አሥር ወር ያህል በፊት ነው። የሱ ዜማ ሲጫወት ሁልጊዜ ያ ነገር ትዝ ይለኛል፤ የሚያገናኘው ነገር ባይኖርም። መጨረሻው ደግሞ «አንደር ዘ ብሪጅ» ነው፤ አዎ፣ የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ የሮክ ዘፈን። ድሮ ሮክ ያጠመደው ክላርክ በትልቁ ቤዝ ቀስ ብሎ ሲመልስለት መስማት ደስ ይላል።

ክላርክ እዚህ የቡድኑ ባለቤት ነው፤ ስሙ ላዩ ላይ ነው፣ ቤዙም ፊት ለፊት ነው። ጣቱ ክሩ ላይ ሲያርፍ፣ ክሩ እንጨቱን ሲመታ፣ ሁሉም ይሰማል። አዳራሽ የለም፣ ሰው አያስልም። ትንሽ ሳሎን፣ ትንሽ ስፒከር፣ ከታች ጎረቤት ላለበት ኮንዶሚኒየም የሚሆነው ይሄ ነው። «ፎሬቨር»ን በትንሽ ስፒከር ዝቅ አድርጋችሁ ስታጫውቱ ቤዙ አዳራሹ ውስጥ ይቀራል። ከፍ ስታደርጉ ጎረቤት በር ያንኳኳል።

ሂሮሚ አንዳንዴ ትፈጥናለች። በጣም ትፈጥናለች። ኖታ በኪሎ የምትሸጥ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ኮሪያ በዚህ ይበልጣታል፤ ሳይነካ ማለፍ ይችልበታል። «ፎሬቨር» ላይ የፒያኒስቱን የቢል ኤቫንስን «ዋልትዝ ፎር ዴቢ» ሲጫወት ሦስቱም እንቁላል ላይ እንደሚራመድ ሰው ናቸው። የሌላው ፒያኒስት የቴሎኒየስ ሞንክ «ሃከንሳክ» ላይ ደግሞ ሲቀላለዱ ትሰማላችሁ፤ አርባ ዓመት ሊሆነው ትንሽ የቀረው ጓደኝነት ነው። ኮሪያ በየካቲት 2021 አርፏል። ሦስቱን አንድ ላይ በአካል መስማት ከእንግዲህ የለም። ይሄ የሚከብድበት ሰው፣ ወይም የሰባዎቹን የባንዱን አልበሞች ከነአቧራቸው ያከማቸ ሰው፣ የኔን ስሌት ይተወውና «ፎሬቨር»ን ይግዛ። አልቀየመውም። በ2012 ሁለት ግራሚ ያገኘውም በከንቱ አይደለም፤ አንዱ ለአልበሙ፣ አንዱ ኮሪያ «500 ማይልስ ሃይ» ላይ ለተጫወተው ሶሎ። ልብ በሉ ግን፣ ያ ሶሎ ያለው በሁለተኛው ዲስክ ነው። በሽልማት ወሬ ስለ መጀመሪያው ዲስክ አትወስኑ።

ኦሪጅናል ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ሳጥኑን ሳታስከፍቱ ብር አታውጡ። ዲስኩን ገልብጡት። የፋብሪካው ብርማ ነጭ ነው። ኮፒው ወደ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ያደላል። ከዚያ መሃሉ ላይ፣ ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቀለበት ወደ ብርሃን ያዙት። ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር አለ፤ አጠገቡ «አይኤፍፒአይ» የሚሉ ጥቃቅን የላቲን ፊደላት ይኖራሉ። ሽፋን ማንም ኮፒ ያደርጋል። ያንን ቀለበት የሚያስመስል እስካሁን አልገጠመኝም። ሻጩ «ለምን ታገላብጠዋለህ ወንድሜ፣ አታምነኝም እንዴ?» ካላችሁ፣ መልሱን ዲስኩ ራሱ ነግሯችኋል።

ያገለገለ ኦሪጅናል አትፍሩ። የጸጉር ያህል ቀጫጭን ጭረት ድምፅ አያበላሽም። የሚያስፈራው በክቡ አቅጣጫ የዞረ ጭረት ነው፤ ከመሃል ወደ ዳር የሄደው ይሻላል። ከሁሉ የባሰው የላይኛው፣ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ላይ ያለ ጭረት ነው። ሙዚቃው ያለው ከዚያ ስር ነው፤ ሰው ግን ሁልጊዜ የታችኛውን ብቻ ነው የሚያየው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ሊፍት ውስጥ ለጠየቀችኝ ባልደረባዬ «ጋርደን»ን ነግሬያታለሁ፤ እህቷ ለገና ስትመጣ ታመጣላታለች። በስልክ የጠየቀኝ እያሰበበት ነው። የቶሞካው ጓደኛዬ ግን ሌላ ዘዴ መጣለት። «አንተ ካልወደድከው የራስህን ፎሬቨር ሽጥልኝ» አለኝ። ከመጀመሪያው ዲስክ ጋር አልለያይም። ሁለተኛው ግን፣ 10 ዘፈን በ150 ብር 1,500 ይሆናል። ለሱ ስል በ1,000 እለቅለታለሁ። 800 ብሏል። ማኪያቶውን እሱ ከከፈለ እናየዋለን።